ልጅቷ ስላለቀሰች ካር ሲቱን እናዙረው?

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከቆጪ ነው። ሴት ልጄ 16 ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስትመዘን 10 ኪሎ ሆናለች። የባለቤቴ እህት ከአሜሪካ የራሷ ልጅ የተቀመጠበትን ካር ሲት (መኪና ውስጥ የሚታሰር የልጅ መቀመጫ) ላከችልን። ወደ ኋላም ወደ ፊትም የሚዞር፣ ኮንቨርቲብል የሚባለው ነው። መኪናችን ቪትዝ ናት። እሑድ ለት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ አዙረን አስቀመጥናት። እኔ ጋቢና ነበርኩ። አጂፕ እስክንደርስ ጮኸች፣ ላብ በላብ ሆነች። ባለቤቴ ‹እግሯም ታጥፏል፣ ወደ ፊት እናዙራት፤ አለዚያ እንዳያት ጋቢና ላስቀምጣት› ይላል። አማቴ ደግሞ ‹ከእናት እቅፍ የሚበልጥ ምን ወንበር አለ? ልጅ በገመድ አትሰሩብኝ› ይላሉ። ለመስቀል ወልቂጤ እንሄዳለን። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽና ምክንያቱን ከኋላ አመጣዋለሁ። መቀመጫውን ወደ ፊት አታዙሩት። ጋቢና ደግሞ ፈጽሞ አታስቀምጧት። ልቅሶዋ መላ አለው፤ ጊዜም አላችሁ። ነሐሴ ገና አላለቀም፣ መስቀል መስከረም 17 ነው። አንድ ወር ገደማ ልጅን ከወንበር ጋር ለማላመድ ይበቃል።

እስቲ እሑድ የሆነውን በልጅቷ ዓይን እይው። ከተወለደች ጀምሮ መኪና ማለት ለእሷ የእናቷ ጭን ነው። ጡት አለ፣ የምታውቀው ጠረን አለ፣ በመስኮት የሚታይ ዛፍ አለ። በዚያ ቀን ግን አይታው የማታውቀው ወንበር ላይ ተደረገች። ሽታው የሌላ ቤት ሽታ ነው። ትከሻዋ ላይ ማሰሪያ ወረደ። ሞተሩ ተነሳ። እናቷ ጋቢና ስለሆነች ድምጿ እንጂ ፊቷ የለም። ማን አያለቅስም? ፊቷ ወደ ኋላ ስለዞረ ብቻ አይመስለኝም ያለቀሰችው። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አዲስ ሆነባት። በዚያው ቀን ወደ ፊት አዙራችኋት ቢሆንም የምታለቅስ ይመስለኛል።

የአማትሽን ነገር ላስቀድም፤ ምክንያቱም ቤት ውስጥ እሳቸው ካልተስማሙ ወንበሩ መንገድ ላይ እንደሚፈታ አውቃለሁ። ልጅቷ «እህ» ስትል «ስጡኝ በቃ» ይላሉ፤ እናንተም ትሰጣላችሁ። እሳቸው ልጆቻቸውን አቅፈው ስንት መንገድ ሄደዋል። ስለዚህ «አይገባቸውም» ብለሽ አትለፊያቸው። በሚያውቁት ሚዛን ንገሪያቸው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የምትመዝን ልጅ በዚያች ቅጽበት 200 ኪሎ ያህል ሆና ወደ ፊት ትወረወራለች። ሁለት ኩንታል ማለት ነው። አገራችን የቡና አገር ናት፤ አንድ ኩንታል ስንት ሰው እንደሚያነሳው ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ኩንታል ሲወረወር በክንዱ የሚያስቀር ሰው የለም። እናት የምትለቀው ስለማትወድ አይደለም፤ ክንድ ስለማይችል ነው። ግጭቱም ከ10 ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ በይው። 50 ደግሞ የከተማ ፍጥነት ነው። ከተማውን ለቆ ከሰርቦ ወዲያ ማን በ50 ይነዳል?

ያቀፋት ሰው ቀበቶ ካላሰረ የራሱ ክብደት ልጅቷ ላይ ያርፋል። አንዱን ቀበቶ ለሁለት ማሰርም አይሆንም። ልጅቷ በቀበቶውና በትልቁ ሰው መሃል ትጨፈለቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት የልጅ መቀመጫ የጨቅላ ሕፃናትን የመኪና አደጋ ሞት እስከ 71 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል። ይህን ቁጥር ለባለቤትሽ ንገሪው። ለእናታችን ግን የኩንታሉ ይበቃል።

«ገመድ» ላሉት ደግሞ እንዲህ በያቸው። «እማዬ፣ አንቀልባ ላልቶ ልጅ ይታዘላል?» አይታዘልም። እሳቸው ናቸው አንቺን «ጠበቅ አድርጊው፣ ልጁ ይንሸራተታል» የሚሉሽ። ጥብቅ ያለ አንቀልባ ልጅን አያሳምምም፤ እንዲያውም ያስተኛዋል። የካር ሲቱም ማሰሪያ ሥራው ያው ነው። አካሏን አቅፎ ይዞ ከወንበሩ ጋር አንድ ያደርጋታል። እኔ ይህን ለራሴ እናት የነገርኳቸው ቀን ዝም ብለው ቆዩና፣ ተነስተው ማሰሪያውን በጣታቸው ሞከሩት። «ይቺ ላልታለች» ብለው ያጠበቁት እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ለምን ወደ ኋላ?

የልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲታይ ትልቅ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የቁመቱ ሩብ ያህል ጭንቅላት ነው። ልጅሽ ከዚያ ብታድግም ገና ጭንቅላቷ ከባድ፣ አንገቷ ቀጭን ነው። የአንገቷ አጥንቶችም ሙሉ በሙሉ አልጠነከሩም፤ በከፊል ልም አጥንት ናቸው። ፊቷ ወደ ፊት ሆኖ መኪናው ቢጋጭ፣ ማሰሪያው ትከሻዋን ይይዛል፤ ጭንቅላቷ ግን ይወረወራል። ያን ሁሉ ኃይል የምትሸከመው ያቺ ቀጭን አንገት ናት። ወደ ኋላ ስትዞር ግን ወንበሩ ጀርባዋን፣ አንገቷንና ጭንቅላቷን አንድ ላይ ይቀበላል። በመዳፍሽ የሕፃን ማጅራት ደግፈሽ እንደምትይዢው ማለት ነው።

ይህን ያሰቡት በርቲል አልድማን የሚባሉ ስዊድናዊ ፕሮፌሰር ናቸው። ጠፈርተኞች ሮኬት ሲነሳ በጀርባቸው ተደግፈው ኃይሉን እንደሚቀበሉ አዩ። በ1964 እ.ኤ.አ. ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ የልጅ መቀመጫ ሠርተው ቮልቮ መኪና ውስጥ ሞከሩት። ስዊድኖች ዛሬም ልጆቻቸውን እስከ አራት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ አዙረው ነው የሚያስቀምጡት። የአራት ዓመት ልጅ እግር የቱን ያህል እንደሚረዝም አስቢው። ታጥፎ ይቀመጣል፣ ምንም አይሆንም።

ስለ እግሯ ባለቤትሽ መጨነቁ ደስ ይለኛል፤ አባት ነው። ግን ዛሬ ማታ ሳሎን ወለል ላይ ስትጫወት ይያት። እግሯን አጣጥፋ፣ ጉልበቷን ወደ ጎን ጥላ፣ አንዳንዴም ተረከዟ ላይ ተቀምጣ ነው የምትጫወተው። እኛን የሚያመን አቀማመጥ ለልጅ ምቾት ነው። ካር ሲቱ ላይም እግሯን አጥፋ ወይም ወደ መደገፊያው አንጠልጥላ ትቀመጣለች።

እስከ መቼ? የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ድሮ «ቢያንስ እስከ ሁለት ዓመት» ይል ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ዕድሜውን ትቶ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ዞሮ የሚችለው ክብደት ወይም ቁመት እስኪሞላ ድረስ አታዙሩ አለ። አንድ ሰው «በአውሮፓ 15 ወር ይበቃል» ሊላችሁ ይችላል። የአውሮፓው አዲሱ ደንብ ከ15 ወር በፊት አታዙሩ ነው የሚለው። 15 ወር ሲሞላት አዙሯት ማለት አይደለም። የእናንተ ወንበር የአሜሪካ ስለሆነ ልኩ የተጻፈው በፓውንድ ነው። አንድ ፓውንድ 450 ግራም ገደማ ነው። ጎኑ ላይ ካለው ወረቀት ወደ ኋላ ሲዞር ስንት እንደሚችል ፈልጊ። ብዙዎቹ እስከ 40 ፓውንድ ይይዛሉ፤ 18 ኪሎ ማለት ነው። እስከ 50 የሚደርሱም አሉ። ልጅሽ ገና 22 ፓውንድ ናት። ቁመቷን ለማየት ደግሞ አናቷን ከመደገፊያው ጫፍ ጋር አስተያዪ። በአብዛኛው አናቷ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከሁለቱ አንዱ እስኪሞላ ድረስ ፊቷ ወደ ኋላ ይሁን።

ጋቢናን በተመለከተ ማለሳለስ አልችልም። ቪትዝ ጋቢና ፊት ኤርባግ፣ ማለትም ግጭት ሲደርስ ተነፍቶ የሚወጣ የአየር ከረጢት አላት። ኤርባግ ሲፈነዳ በዓይን ጥቅሻ ነው የሚወጣው። ወደ ኋላ የዞረ ካር ሲት ጋቢና ላይ ቢኖር፣ ኤርባጉ የሚመታው የወንበሩን ጀርባ ነው፤ ልክ የልጅቷ ጭንቅላት ያለበትን ቦታ። ትልቅ ሰው በሚተርፍበት ቀላል ግጭት ልጅ ሊሞት ይችላል። ጋቢና አቅፎ መቀመጥም እንደዚያው ነው፤ በኤርባጉና በአቃፊው መሃል ያለችው እሷ ናት። ባለቤትሽ እንዳያት ከፈለገ፣ አንቺ ከኋላ ከጎኗ ተቀመጪ። እሱ መንገዱን ይይ።

ወንበሩ የተላከው ከቤተሰብ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ገበያ ላይ የተገዛ አሮጌ ካር ሲት ታሪኩ አይታወቅም። እናንተ ግን ደውላችሁ ትጠይቃላችሁ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ወንበሩ መኪና ውስጥ ሆኖ ግጭት ደርሶበታል ወይ? ደርሶበት ከሆነ፣ ምንም ስንጥቅ ባይታይ እንኳ አትጠቀሙበት። ይሉኝታ አያስፈልግም። እሷም ብትሆን ለወንድሟ ልጅ ብላ ነው የላከችው፣ እውነቱን ትነግራችኋለች። ከዚያ ወንበሩን ገልብጪው። ከታች ወይም ከጀርባው የተሠራበት ቀንና የሞዴል ቁጥር ያለበት ወረቀት አለ። ፕላስቲክ በሙቀትና በዕድሜ ይደክማል፤ ለዚህ ነው አብዛኞቹ ከተሠሩ ከስድስት እስከ አስር ዓመት ብቻ የሚያገለግሉት። የሚያበቃበት ዓመት እዚያው ተጽፎ ይገኛል። መመሪያው መጽሐፍ ከጠፋ፣ የሞዴል ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ከፋብሪካው ድረ ገጽ አውርዱት። እሷም ካለችበት ልትልክላችሁ ትችላለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እናቶችን ስለማውቅ ነው የምናገረው። ከሰው የመጣ ዕቃ ሳናጥብ አንጠቀምም። ጨርቁን በመመሪያው መሠረት እጠቢው። ማሰሪያውን ግን በረኪና ውስጥ እንዳትነክሪው! ክሩን ያደክመዋል፤ ውጭው ንጹሕ ሆኖ ውስጡ ይበሰብሳል። እርጥብ ጨርቅና ቀለል ያለ ሳሙና ይበቃዋል። ጥላ ላይ ይድረቅ።

አሁን ወደ ቪትዟ እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ሰው ካር ሲትን በካርቶኑ ሥዕል ወይም በዋጋው ይመዝነዋል። የሚሞከረው ግን በገዛ መኪናሽ ውስጥ ነው። ለአንዱ መኪና ልክ የሆነ ወንበር ለሌላው አይሆንም።

የኋላውን ወንበር አይተሽዋል? ስንቶቻችን መኪና እንደገዛን የወንበር ልብስ እናሰፋለን። የሚሰፋው ሰው የቀበቶውን መቆለፊያ ከሥር ቀብሮት ይሄዳል። ከኋላ ቀበቶ የሚያስር ስለሌለ ማንም አይጠይቅም። እኔ በራሴ መኪና እጄን በመቀመጫውና በመደገፊያው መሃል ሰድጄ ነው ያወጣሁት። መጀመሪያ አንድ ሳንቲም ወጣ። ከዚያ የብስኩት ፍርፋሪ። ከዚያ መቆለፊያው፣ አቧራ ለብሶ። ምላሱን ሳስገባው አልያዘም። በደረቅ ብሩሽ ጠርጌ፣ ደጋግሜ ከፍቼ ዘግቼ ነው «ቀጭ» ያለው። የእናንተም እንዲህ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመሽ እይው። ድምፁን ካልሰማሽ አልተቆለፈም። እዚያው ክፍተት ውስጥ እጅሽ ሁለት የብረት ዘንጎችን ሊያገኝ ይችላል፤ ያ ካለ የካር ሲቱ መንጠቆ የሚያዝበት ነው። በመንጠቆው ወይም በመኪናው ቀበቶ፣ በአንዱ ብቻ እሰሩት። መመሪያው ካልፈቀደ በስተቀር ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ።

ኮንቨርቲብል ወንበር ላይ ቀበቶው የሚያልፍበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ ወደ ኋላ ሲዞር፣ አንዱ ወደ ፊት ሲዞር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጎኑ ላይ በቀለም ወይም በቀስት ምልክት ተደርጎበታል። ለእናንተ የሚሆነው ልጅቷ እግር በኩል ያለው ነው። ቀበቶውን አሳልፈሽ ቆልፊ። ከዚያ ባለቤትሽ በእጁ ወንበሩን በኃይል ይጫን፤ አንቺ ትርፉን ሳቢ። ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። በአንዳንድ መኪና ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበሽ ስትለቂው «ጠጠጠ» እያለ ይገባና አይላላም። በሌላው ግን ቀስ ብሎ ይለቃል። ካር ሲቱ ራሱ ቀበቶውን ቆንጥጦ የሚይዝ መቆንጠጫ ካለው በእሱ ያዙት።

ከዚያ ፈትኚው። ቀበቶው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይዘሽ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ነቅንቂ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ላልቷል። አናቱ ላይ ይዘሽ አትፈትኚው፤ ወደ ኋላ የዞረ ወንበር አናቱ ትንሽ መወዛወዙ ያለ ነው።

ይህን ያህል የምጨቀጭቅሽ ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያ ልጄ የአንቺን ልጅ ዕድሜ ሳለች ወደ አጋሮ እየሄድን ነበር። ወንበሩን ብቻዬን ቸኩዬ ነበር ያሰርኩት። ሲነቀነቅ ሰምቼዋለሁ፤ «ምን ይሆናል፣ ቅርብ ነው» ብዬ ተውኩት። አንድ ኩርባ ላይ ከብቶች መንገዱን ሞልተው ቆመዋል። ባለቤቴ ፍሬኑን ረገጠ። ወንበሩ ከነልጄ ወደ በሩ በኩል ተጋደመ። ምንም አልሆነችም፤ ተመስገን። ግጭት ቢሆን ኖሮስ? ዳር ይዘን ቆምን። እጄ እየተንቀጠቀጠ እንደገና አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ለሱቅ መንገድም ቢሆን ሳልነቀንቅ አልነሳም።

ቪትዝ ጠባብ ናት። ወደ ኋላ የዞረ ወንበር ከጋቢና በስተጀርባ ሲገጠም ጋቢናውን ወደ ፊት ይገፋዋል። መመሪያው ለልጅቷ ዕድሜ የሚፈቅድ ከሆነ ወንበሩን ትንሽ ቀና አድርጊው፤ አንገቷ ስለጠና እንደ አራስ መንጋለል አያስፈልጋትም፣ ቦታም ያተርፋል። ከዚያ እናታችን ጋቢና ተቀምጠው ይሞክሩ። ጉልበታቸው ዳሽቦርዱን ከነካ ወይም ደረታቸው ወደ ፊት በጣም ከተጠጋ ይቅር፤ እሳቸውም አንቺም ከኋላ ግራና ቀኝ ሆናችሁ ልጅቷን መሃል ማድረግ ይቻላል፤ የመሃሉ ቀበቶ ወንበሩን አጥብቆ መያዝ አለበት። ይህን የምትሞክሩት ግን መስከረም 14 ሻንጣ ተጭኖ ሰው እየጠበቀ አይደለም። በዚህ ሳምንት ነው።

ቀጥሎ ልጅቷ። ወንበሩን መጀመሪያ ወደ ቤት አስገቢው። ሳሎን ወለል ላይ አኑሪው፤ ሶፋ ወይም አልጋ ላይ አይሁን፣ ይገለበጣል። ዝም ብላ ታየዋለች። ትወጣበታለች። አሻንጉሊቷን ታስቀምጥበታለች። አንቺም አሻንጉሊቷን እሰሪላት፣ ፍቺላት። ክሊፑ «ቀጭ» ሲል ትስቃለች። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ይሁን። አጠገቧ ሁኚ እንጂ ታስራ ብቻዋን አትተዊያት፤ ከተኛችም አንሺያት። ስታጠፋም «ወንበርሽ ላይ ነው የማስቀምጥሽ» ብሎ ማስፈራራት አይገባም።

ከዚያ ግቢ ውስጥ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ መኪናው ውስጥ። ጠግባ፣ ዳይፐሯ ተቀይሮ፣ እንቅልፏ ሳይመጣ። አንቺ ከጎኗ ሁነሽ አሥር ደቂቃ። ዝፈኚላት። ስታለቅስ ሳይሆን ገና ደስ እያላት አውጫት። በማግስቱ ሞተሩ ተነስቶ። ከዚያ በሰፈሩ ዙሪያ። ከዚያ እስከ ፈረንጅ አራዳ። በመጨረሻም እሑድ ጠዋት እስከ ሰርቦ ሄዳችሁ ተመለሱ። በዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ያልታየ ችግር ካለ ይታያል። አንድ ቀን ወደ ኋላ ከተመለሰች አትደንግጪ። በልቅሶዋ መሃል ግን እየሄዳችሁ አትፍቷት። መኪናው ይቁም፣ አባብያት፣ እንደገና እሰሪያት። አንድ ጊዜ እየሄዳችሁ ከተፈታች፣ ማልቀስ እንደሚያስፈታ ትማራለች።

ለልቅሶዋ ሌላም ምክንያት ፈልጊ። «ላብ በላብ ሆነች» ብለሻል። ምን ለብሳ ነበር? ነሐሴ ነውና ወፍራም ጃኬት ይመስለኛል። ከማሰሪያው ሥር ወፍራም ልብስ አይደረግም። ይሞቃታል፤ ከዚህም የባሰው ማሰሪያው የጠበቀ እየመሰለ ልብሱን እንጂ እሷን አይዝም። ስስ ልብስ ይሁን። ከበረዳት ጋቢውን ወይም ፎጣውን ካሰርሻት በኋላ ከላይ ደርቢላት። ከጀርባዋም ከመቀመጫዋም ሥር ከወንበሩ ጋር ያልመጣ ትራስም ሆነ የታጠፈ ጨርቅ አታድርጊ። ማሰሪያው ተጠማዞ እንደሆነ በጣትሽ ተከተይው፤ የተጠማዘዘ ማሰሪያ ይቆርጣታል። ወደ ኋላ ስትዞር የትከሻው ማሰሪያ የሚወጣበት ቀዳዳ ከትከሻዋ እኩል ወይም ዝቅ ያለ ይሁን። ምናልባት የአክስቷ ልጅ ትልቅ ስለነበር ከላይኛው ቀዳዳ ላይ ቀርቶ ይሆናል። የደረቷ ክሊፕ በብብቷ ልክ ይቁም፤ ሆዷ ላይ አይውረድ። በመጨረሻ አንገቷ ሥር፣ አጥንቷ አጠገብ ማሰሪያውን በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክሪ። ጨርቁ ከተቆነጠጠልሽ ላልቷል። ጣትሽ ካንሸራተተ ልክ ነው። ይህን መፈተን ለእናታችን ስጪያቸው። ሥራው የእሳቸው ሲሆን ይጠብቁታል።

የመንገዱን ነገር አጭር ላድርገው። ወልቂጤ ከጅማ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ጅማ ላይ ይበርዳል፤ ጊቤ በረሃ ስትወርዱ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። ጋቢውን ቀድመሽ አንሺ። ቁርስ ቆማችሁ ስትመለሱ ፀሐይ የመታውን የብረት መቆለፊያ በእጅሽ ንኪው፤ ጭኗን ያቃጥላታል። ነጠላ ጣል ብታደርጊበት አይግልም። ሰኮሩ ላይ ቁሙ። ጊቤን ተሻግራችሁ ዳገቱን ከጨረሳችሁ በኋላም ቁሙ። በየሰዓት ተኩሉ ፈታ አድርጊያት፣ ትሩጥ፣ ትጥባ። መኪናው እየሄደ ግን ጡት ለማጥባት አታውጫት። ኩርባው ላይ አንድ ነገር ቢሆን ያ ሁለት ኩንታል የሚመጣው እጅሽ ላይ ነው። ለመጠጣት ውኃ፣ ለጨዋታ ለስላሳ ነገር ይበቃል፤ ጠንካራ አሻንጉሊትና ቴርሞስ አጠገቧ አይቀመጥ። የሻንጣውንም ዕቃ አጥብቃችሁ እሰሩ።

በከተማ በባጃጅ የምትሄጂበት ቀን አለ። ባጃጅ ላይ ካር ሲት አይታሰርም። ያኔ መሃል ተቀመጪ፣ ልጅቷን ከክፍቱ በር አርቂያት፣ ሾፌሩን «ቀስ በል ወንድሜ፣ ልጅ ይዣለሁ» በይው። ቪትዟ ቤት ካለች ግን ለአምስት ደቂቃ መንገድም ቢሆን ወንበሯ ላይ ትቀመጥ። ልጅ የሚለምደው በየቀኑ ሲሆን ነው።

ነገ ጠዋት ቡና ሳይፈላ ወደ መኪናው ውጪ። እጅሽን ከኋላው ወንበር ሥር ሰደጂና መቆለፊያውን ፈልጊ። ካልቆለፈልሽ ጻፊልኝ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።